በማቋረጫ ላይ ቅድሚያ የማን ነው?

(ስለ ብስክሌተኛና ስለ እግረኛ፣ ለጎልማሳ ተማሪዎች በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)

 

የዛሬው ንግግራችን ስለ መንገድ ነው። ስለ ረጅሙ መንገድ ግን አናወራም። የምናወራው ስለ አንድ ትንሽ ቦታ ነው። ያ ቦታ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ዳር የምንሻገርበት ቦታ ነው። እግረኛ ሊሻገር ይመጣል። ብስክሌተኛም ይመጣል። ሁለቱ እዚያ ይገናኛሉ። ማን ይቅደም? ማንስ ይቁም? ጥያቄው ይኸው ነው።

“ይህ ደግሞ ምን ጥያቄ ነው? ብስክሌት እኮ መኪና አይደለም” የሚል ሰው አይጠፋም። እስቲ ነገሩን ቀስ ብለን እንየው።

መንገዳችን

ወልቂጤና ቡታጅራ የመንገድ ከተሞች ናቸው። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ወደ ጅማ የሚሄደው የጭነት መኪና፣ አውቶቡስና ሚኒባስ ከተማዋን ሰንጥቆ ያልፋል። ቡታጅራ ደግሞ ከአለም ገና ተነስቶ በሆሳዕና በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወርደው መንገድ ላይ ናት። ከባቱ፣ ማለትም ከዝዋይ፣ የሚመጣውም መንገድ እዚያ ይገጥማል።

እነዚህ መንገዶች እንዲሁ አልተገኙም። በ1950ዎቹ ዓመተ ምሕረት የጉራጌ ተወላጆች ማኅበር አቁመው፣ ገንዘብ አዋጥተው መንገድ አሠርተዋል። ከአለም ገና እስከ ወላይታ ሶዶ የተዘረጋው መንገድም ሕዝብ ያዋጣበት ነው። አባቶቻችን ከኪሳቸው አውጥተው ባሠሩት መንገድ ላይ ልጆቻቸው ሊጎዱ አይገባም።

አሁን የገበያ ቀንን አስቡ። አህያ በርበሬ ተጭና ትመጣለች። እናት የቆጮ ሸክሟን በጀርባዋ አዝላ ትመጣለች። ጋሪ አለ፤ ባጃጅ አለ። በዚህ ሁሉ መካከል ብስክሌተኛ ይመጣል። በኋላው ጀሪካን አስሯል፤ ወይም ታናሽ ወንድሙን አፈናጧል። መስቀል ሲደርስ ደግሞ ተወላጁ ከአዲስ አበባና ከሌላውም አገር ወደ ቤቱ ይገባል። ለዓረፋም እንዲሁ ነው። ያን ጊዜ መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ሰው ነው።

መኪና ሲመጣ ድምፁ ይሰማል። ሰውም ይሸሻል። ብስክሌት ግን ድምፅ የለውም። ሸክም ያዘለች እናት አንገቷን እንደ ልቧ አታዞርም። ጆሮው የከበደ ሽማግሌ ደወል አይሰማም። ዓይነ ስውሩ በነጭ በትሩ አስፋልቱን ይፈትሻል እንጂ የሚመጣውን ብስክሌት አያይም። ስለዚህ ማቋረጫ ላይ አደጋውን አስቀድሞ ማየት የሚችለው ማን ነው? ብስክሌተኛው ነው። ከፍ ብሎ ተቀምጧል፤ ወደ ፊት ያያል፤ ፍሬንም በእጁ ነው።

ጀፎረ ምን ያስተምረናል?

ጀፎረን የማያውቅ የገጠር ሰው በመካከላችሁ የለም። በጉራጌ መንደር ቤቶች በግራና በቀኝ ተሰልፈው ይሠራሉ። በመካከላቸው ሰፊ አረንጓዴ ሜዳ ይዘረጋል። ያ ሜዳ መንገድ ነው። ከብት ይሄድበታል። ሕፃን ይጫወትበታል። ሰርግ ይታለፍበታል። ለቅሶ ይቀመጥበታል። ሽንጎም ይደረግበታል።

ጀፎረ የማን ነው? የሁሉም ነው። በሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ቅጫ የሚባል የአባቶች ሕግ አለ። በክስታኔም የጎርደና ሴራ አለ። አጥሩን ወደ ጀፎረ የሚገፋ ሰው በሽማግሌ ፊት ይጠየቃል። ሀብታም ቢሆን፣ ጉልበተኛም ቢሆን፣ “እኔ እበልጣለሁና መንገዱ የኔ ነው” ማለት አይችልም።

የከተማው አስፋልትም እንዲሁ የጋራ ነው። ልዩነቱ ምንድን ነው? በጀፎረ ላይ ሁሉም በእግሩ ፍጥነት ይሄዳል። በአስፋልት ላይ ግን አንዱ ይፈጥናል፤ ሌላው ያዘግማል። ስለዚህ አስፋልት የራሱ ሴራ ያስፈልገዋል። ያም ሴራ የትራፊክ ሕግ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በአስፋልት ላይ የተቀቡ ነጫጭ መስመሮችን አይታችኋል። “ዜብራ” ይባላሉ። ዜብራ ማለት የሜዳ አህያ ማለት ነው። መስመሩ የሜዳ አህያን ስለሚመስል ይህ ስም ወጣለት። እንግሊዞች ይህን ማቋረጫ በ1944 ዓ.ም. በሕግ ደነገጉት። ከዚያ ወዲህ በዓለም ሁሉ ተስፋፋ።

የመስመሩ ትርጉም አጭር ነው። “እዚህ እግረኛ ይቀድማል” ማለት ነው። ማንበብ የቻለ ሰው ፊደል ብቻ አያነብም። ይህንንም መስመር ያነባል።

በአገራችን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2003 ዓ.ም. የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208ን አውጥቷል። ከዚያ በኋላም ተሻሽሏል። ፍሬ ነገሩ ግን አልተለወጠም። በእግረኛ ማቋረጫ ላይ ለሚሻገር እግረኛ ባለ ተሽከርካሪው ቅድሚያ ይሰጣል።

ታዲያ ብስክሌት ተሽከርካሪ ነው ወይ? አዎን፣ ነው። ሁለት ጎማ አለው፤ ይሽከረከራል፤ ሰውና ዕቃ ይጭናል። በ1961 ዓ.ም. ብዙ መንግሥታት በቪየና ከተማ ስለ መንገድ ትራፊክ ስምምነት ተፈራርመው ነበር። በዚያ ስምምነት ብስክሌት የሚነዳ ሰውም “አሽከርካሪ” ተብሎ ተቆጥሯል። ሞተር የለውም ተብሎ ከሕግ አልወጣም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ያው ሰው ከብስክሌቱ ወርዶ፣ መሪውን ይዞ፣ እየገፋ ቢሄድ እንደ እግረኛ ይቆጠራል። የእግረኛም ቅድሚያ ያገኛል። ፔዳሉን ረግጦ ሲቀመጥ ግን አሽከርካሪ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። መውረድና መውጣት ይለየዋል።

እስቲ እናስላ

ቁጥር ተምራችኋል። እርሳስና ወረቀት አንሡና አብረን እናስላ።

አንድ ጤነኛ ሰው በ1 ሰከንድ 1 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር ያህል ይራመዳል። መንገዱ 7 ሜትር ስፋት አለው እንበል። 7 ለ1.40 ሲካፈል 5 ይሆናል። ስለዚህ ለመሻገር 5 ሰከንድ ይፈጅበታል። ሸክም ያዘለች እናት ወይም ሽማግሌ በግማሽ ፍጥነት ቢሄዱ 10 ሰከንድ ይፈጅባቸዋል።

አሁን ወደ ብስክሌቱ እንምጣ። ብስክሌቱ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። 20 ኪሎ ሜትር 20,000 ሜትር ነው። 1 ሰዓት 3,600 ሰከንድ ነው። 20,000 ለ3,600 ስናካፍል 5 ሜትር ተኩል ያህል እናገኛለን። ብስክሌቱ በ1 ሰከንድ 5 ሜትር ተኩል ይሄዳል ማለት ነው። በ10 ሰከንድ ውስጥ 55 ሜትር ይሄዳል። እናት መሻገር ስትጀምር 55 ሜትር ርቆ የነበረው ብስክሌት፣ ሳትጨርስ አጠገቧ ይደርሳል።

ብስክሌተኛው ቢያያትስ? አይቶ ፍሬን እስኪይዝ ድረስ 1 ሰከንድ ያልፋል። በዚያች ሰከንድ 5 ሜትር ተኩል ሄዷል። ፍሬን ይዞም ወዲያው አይቆምም። በደረቅ አስፋልት 5 ሜትር ያህል ይጨምራል። ሲደመር ከ10 ሜትር በላይ ነው። ያ በእርምጃ 14 ወይም 15 እርምጃ ነው። ዝናብ ከዘነበ፣ ቁልቁለት ከሆነ፣ ወይም ፍሬኑ ከላላ ደግሞ ከዚህም ይበልጣል።

ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ የሚሄደው ርቀት እጥፍ ብቻ አይሆንም። አራት እጥፍ ይሆናል። በክረምት ቁልቁለት ለሚወርድ ልጅ ይህን ንገሩት።

ክብደቱንም እዩ። ብስክሌተኛውና ብስክሌቱ ሲደመሩ ከ70 እስከ 80 ኪሎ ይሆናሉ። ኩንታል ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነው። ይህ ሁሉ ኪሎ ሲበርር መጥቶ አንዲት አሮጊትን ቢመታት ምን ይሆናል? የዳሌ አጥንት ይሰበራል። ያረጀ አጥንት በቶሎ አይጠግንም። ቆማ የምትሠራ፣ ቆጮ የምትፍቅ እናት ከዚያ በኋላ አልጋ ላይ ትቀራለች። እንግዲህ “ብስክሌት ምን ያደርጋል?” የሚባለው ነገር እውነት እንዳልሆነ አያችሁ።

የብስክሌተኛው ተግባር

ብስክሌት የምትነዱ ወንዶችና ሴቶች፣ ይህ ለእናንተ ነው።

1. ማቋረጫ ስታዩ ፍጥነት ቀንሱ። እጃችሁ ፍሬን ላይ ይሁን።

2. እግረኛ በማቋረጫው ላይ ካለ፣ ወይም ሊረግጥ ሲነሣ ካያችሁ፣ ቁሙ። በፊቱ ወይም በጀርባው ለመሹለክ አትሞክሩ። ሰው ሲደነግጥ ወደ ፊት ይሮጥ ወይም ወደ ኋላ ይመለስ አይታወቅም።

3. መኪና ማቋረጫ ላይ ቆሞ ካያችሁ አትለፉት። መኪናው ያለ ምክንያት አልቆመም። ከፊቱ የሚሻገር ሰው አለ። መኪናው ስለከለላችሁ አላያችሁትም። ብዙ ሰው የሚጎዳው እንዲህ ባለው ቦታ ነው።

4. ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ስትታጠፉ፣ የምትገቡበትን መንገድ የሚሻገር እግረኛ አስቀድሙ። ከመታጠፋችሁ በፊት በእጃችሁ ምልክት ስጡ።

5. እናንተ ራሳችሁ በዜብራው ልትሻገሩ ከፈለጋችሁ ውረዱ፤ እየገፋችሁ ተሻገሩ።

6. የእግረኛ መንገድ ለእግረኛ ነው። እዚያ ላይ አትንዱ።

7. ፍሬን፣ ደወልና ጎማ ሳታዩ ከቤት አትውጡ። ሲመሽ መብራት ያስፈልጋል።

ስለ ደወል አንድ ቃል ልጨምር። ደወል መጥረጊያ አይደለም። ሰውን ከመንገድ ጠርጎ ለማስወጣት አልተሠራም። ደወል “እዚህ አለሁ” ይላል። ደውሎ ፍጥነት የማይቀንስ ሰው ሥራውን በግማሽ ትቶታል።

የእግረኛው ተግባር

እግረኛ ቅድሚያ አለው ስንል ኃላፊነት የለበትም ማለታችን አይደለም። ቅድሚያ ያለው በማቋረጫው ላይ ነው።

1. ዜብራ ካለ በዜብራ ተሻገሩ። ጥቂት እርምጃ ቢጨምርባችሁም አትሰልቹ።

2. በአገራችን ተሽከርካሪ ቀኙን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚደርስባችሁ ከግራ የሚመጣው ነው። መጀመሪያ ወደ ግራ፣ ቀጥሎ ወደ ቀኝ፣ እንደገና ወደ ግራ ተመልከቱ። መኪና ባይኖርም ብስክሌት ሊኖር ይችላል። በጆሮ ብቻ አትመኑ።

3. መሻገር ከጀመራችሁ በኋላ አትሩጡ፤ ወደ ኋላም አትመለሱ። በአንድ ዓይነት እርምጃ ሂዱ። ብስክሌተኛው የሚቆመው እርምጃችሁን አይቶ ነው።

4. ወዳጅ ብታገኙ ሰላምታውን ከተሻገራችሁ በኋላ አድርጉት። የእኛ ሰላምታ ረጅም ነው። የቤተሰቡ፣ የከብቱ፣ የእርሻው ደኅንነት ተጠይቆ እስኪያልቅ ድረስ በአስፋልት መካከል መቆም አይገባም።

5. ዜብራ በሌለበት ቦታ፣ ግራ ቀኙ በደንብ የሚታይበትን ስፍራ ምረጡ። ከኩርባ ራቁ። ከቆመ መኪና ጀርባ ድንገት አትውጡ። እንዲህ ባለው ቦታ የሚመጣውን አሳልፋችሁ ተሻገሩ።

6. የእግረኛ መንገድ በሌለበት ግራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ያን ጊዜ የሚመጣውን ፊት ለፊት ታዩታላችሁ።

ይሁን እንጂ፣ አንድ እግረኛ ያለ ቦታው ቢሻገርስ? ብስክሌተኛው “ጥፋቱ የሱ ነው” ብሎ ዝም ብሎ ይግጨው? አይገባም። ማቆም እየተቻለ ሰውን መግጨት በየትኛውም ሕግ መብት አይደለም። በአባቶች ሴራም፣ በመንግሥትም ሕግ፣ የሰው ሕይወት ይቀድማል።

የብስክሌተኛውም ብሶት ይሰማ

ብስክሌተኞች የሚሉት አላቸው። “እኛ የት እንሂድ? በአስፋልቱ ስንሄድ የጭነት መኪና ወደ ዳር ይገፋናል። ዳሩን ስንይዝ ጉድጓድ ነው፤ ጠጠር ነው፤ የቆመ ባጃጅ ነው። ወደ እግረኛው መንገድ ስንወጣ ደግሞ እንሰደባለን” ይላሉ። ይህ እውነት ነው። ሊሰማም ይገባል።

የዓለም የጤና ድርጅት እንደ ገለጸው በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 1 ሚሊዮን 190 ሺህ ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ሞቷል። ከ100 ሟቾች 23ቱ እግረኞች፣ 6ቱ ደግሞ ብስክሌተኞች ነበሩ። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑ ልጆችንና ወጣቶችን ከሚገድሉት ነገሮች ሁሉ የመንገድ አደጋ የመጀመሪያው ነው። እንግዲህ እግረኛና ብስክሌተኛ ጠላቶች አይደሉም። ሁለቱም በብረት አልተከለሉም። ሁለቱም ከትልቁ መኪና ፊት ደካሞች ናቸው። የጭነት መኪናው ለብስክሌተኛው እንዲያስብለት ይፈልጋል አይደል? እሱም ለእግረኛው እንዲሁ ያስብ።

ብስክሌት መልካም ነገር ነው። ነዳጅ አይጠጣም፤ ጭስ የለውም፤ ተማሪን ትምህርት ቤት፣ ነጋዴን ገበያ ያደርሳል። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልበርን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ ብስክሌተኞችም ልካለች። ባሕር ዳርና ሐዋሳ በብስክሌተኛ ብዛት የታወቁ ናቸው። አዲስ አበባም በ2011 ዓ.ም. “መንገድ ለሰው” በሚል ስም አንዳንድ መንገዶችን በእሑድ ቀን ለእግረኛና ለብስክሌተኛ መልቀቅ ጀምራ ነበር። የኛም ከተሞች ብስክሌት እንዲበዛባቸው እንወዳለን። ነገር ግን ሰው የማይፈራው ብስክሌት እንዲሆን ነው።

አደጋ ቢደርስስ?

ብስክሌተኛ ሰው ቢገጭ ጥሎ መሄድ የለበትም። የተጎዳን ጥሎ መሸሽ ነውር ነው፤ በሕግም ያስጠይቃል። ወዲያው ይቁም። ሌላ ተሽከርካሪ እንዳይደርስባቸው ሰው ያስቁም። የተጎዳው ሰው እግሩን ወይም ወገቡን ካመመው ጎትታችሁ አታንሡት። የሚደማ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ ጫን ብላችሁ ያዙት። ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል የሚወስድ ተሽከርካሪ ጥሩ። ለትራፊክ ፖሊስም አስታውቁ። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው “ደኅና ነኝ” ቢልም ሐኪም ይየው። ሽምግልናውና ዕርቁ ከሕክምናው በኋላ ይደርሳል።

ደብዳቤ እንጻፍ

ዜብራ ቀለም ነው። ፀሐይ፣ ዝናብና ጎማ ያጠፉታል። የጠፋ ዜብራ እንደ ጠፋ ፊደል ነው፤ ማንም አያነበውም። በትምህርት ቤት፣ በገበያ ወይም በጤና ጣቢያ ፊት ያለው ዜብራ ከጠፋ ምን እናድርግ? መጻፍ ተምረናል፤ እንጻፍ። ደብዳቤው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

“ለከተማው ማዘጋጃ ቤት። በሠፈራችን ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ያለው የእግረኛ ማቋረጫ ቀለሙ ጠፍቷል። ብስክሌትና ባጃጅ ሳይቆሙ ያልፋሉ። ልጆቻችንና ሽማግሌዎቻችን ለመሻገር ተቸግረዋል። ማቋረጫው እንደገና እንዲቀባልን፣ ምልክትም እንዲተከልልን በአክብሮት እንጠይቃለን። የሠፈሩ ነዋሪዎች።”

ቀኑን ጻፉበት። ስማችሁን ጻፉ፤ ፈርሙበት። ቅጂውን በእጃችሁ አስቀሩ። ትናንት በጣት ፈራሚ የነበረ ሰው ዛሬ በስሙ ፈርሞ ሲጠይቅ፣ መልሱን ለመከታተልም አያፍርም።

አድማጮቼ፣ እኔ የማስተምረው ትንንሽ ልጆችን ነው። ልጅ የሚያደርገው የነገርነውን ሳይሆን ያየውን ነው። እናቱ በዜብራ ስትሻገር ካየ በዜብራ ይሻገራል። ታላቅ ወንድሙ ብስክሌቱን አቁሞ አሮጊት ሲያሳልፍ ካየ፣ ነገ እሱም ያቆማል። “የቸኮለች አፍሳ ለቀመች” ይባላል። የፈሰሰ እህል ይለቀማል፤ የጠፋ ሕይወት ግን አይለቀምም። ማቋረጫ ላይ ቆሞ ሰው ማሳለፍ የሚፈጀው 5 ወይም 10 ሰከንድ ነው። ቅድም አብረን አስልተነዋል።

በሉ እንግዲህ፣ በሰላም ውጡ፤ በሰላም ግቡ። ጤና ይስጥልኝ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ብስክሌት የሚገፋ ሰውና ብስክሌት የሚነዳ ሰው በምን ይለያያሉ?

2. መንገዱ 14 ሜትር ቢሰፋ፣ ጤነኛ ሰው በስንት ሰከንድ ይሻገረዋል? ሸክም ያዘለች እናትስ?

3. መኪና ማቋረጫ ላይ ቆሞ ሲያይ ብስክሌተኛ ለምን አልፎት መሄድ የለበትም?

4. በሠፈራችሁ ቀለሙ የጠፋ ማቋረጫ የት አለ? ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ተነጋግራችሁ ደብዳቤ ጻፉ።